የውርንጭላው ቋንጃ፦ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ
ኦስቲኦኮንድሮሲስ በሚባለው የዕድገት ሕመም፣ የፈረስ ውርንጭላ ካርቲሌጅ በወቅቱ ወደ ጠንካራ አጥንት ሳይለወጥ ይቀራል። ከላዩም ስባሪ ሊላቀቅና መገጣጠሚያው በፈሳሽ ሊያብጥ ይችላል፤ በኋላ እግር ቋንጃ ላይ በብዛት እናየዋለን። አርትሮስኮፕ በተባለችው ቀጭን ካሜራ እየተመሩ ስባሪውን ማውጣት ለሠለጠነ እጅ ረጅም ሥራ አይደለም፤ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆኑ ጥቂት ቀዳዳዎች ይበቃሉ። እኔን ዛሬም የሚያስጨንቀኝ ፈረሱ ከማደንዘዣው የሚነሣበት ሰዓት ነው። በውል ሳይነቃ ለመቆም ይታገላል፤ ወድቆ እግሩን ሊሰብር ይችላል። ያን ካለፈ ደግሞ ሕመሙ ሲተወው መቦረቅ ያምረዋል። ባለቤቱም «ድኗል እኮ፤ ለምን ይዘጋበታል?» ይለኛል። መልሴ አንድ ነው፦ መጀመሪያ የጋጣ ዕረፍት፣ ከ2 ሳምንት ገደማ በኋላ በገመድ እየተመራ አጭር እርምጃ፤ ኮርቻው ግን ከ2 እስከ 3 ወር ይቆይ።