ከተማችን ሲሰፋ ውሃው የት ይሂድ?

(በሰፈራችን ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በኮሚቴው የቀረበ ንግግር)



እንደምታዩት እብናት እየሰፋች ነው። መስፋቷን አንጠላም፤ ልጆቻችን ቤት ሠርተው ከአጠገባችን ቢኖሩ ደስታችን ነው። ነገር ግን ቤቱ የሚቆመው ምን ላይ ነው ብለን መጠየቅ አለብን።

ታላላቆቻችን የ1977 ዓ.ም.ን ነገር አይረሱትም። በድርቁ ጊዜ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ እዚህ መጠለያ ተከማችቶ ነበር። ለዚያ ሁሉ ሰው ውሃና ማገዶ ከየት ይምጣ! በሚያዝያ ወር ሕዝቡ በግዳጅ እንዲወጣ ተደረገ፤ ጎጆዎቹም ተቃጠሉ። ያኔ የመጣው ሰው በወራት ውስጥ ተበተነ። ዛሬ የሚመጣው ግን ቤት ነው፤ ቤት ደግሞ አንዴ ከቆመ አይነሣም።

እስቲ ነገሩን እንመልከተው። የእርሻና የግጦሽ መሬት ከዝናቡ ከፊሉን ይጠጣል። በዚያው መሬት ላይ የቆርቆሮ ቤት ሲደረደር፥ መንገዱም በጠጠር ሲጠቀጠቅ ውሃው መግቢያ ያጣና ባንድ ጊዜ ይወርዳል። ቦዩን አጥር ካጠበበው፥ ፌስታልና የሃይላንድ ጠርሙስ ከደፈነው፥ የታችኛው ጎረቤት ጓዳ ገባ ማለት ነው። (የላይኛው ሰው ስለ ጎርፍ ሲያማርር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?) ከወረዳችን ተራሮች የሚታጠበውም አፈር በርብ ወንዝ አድርጎ ወደ ፎገራና ወደ ጣና ይሄዳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ፎገራን ያጥለቀለቀው ውሃ ከደጋው የወረደ ነው።

ቆሻሻውንም ከከተማ ዳር ብንጥለው ይበቃል የሚሉ አሉ። የአዲስ አበባው የረጲ ቆሻሻ መጣያም ሲጀመር ከከተማ ዳር ነበር። ከተማው ሰፍቶ ደረሰበት፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ገደለ።

ሌላው የገበሬው ወንድማችን ጉዳይ ነው። በከተማ ዳር ያለ ገበሬ መሬቴ ሊወሰድብኝ ነው ብሎ ሲፈራ በስውር ቆርሶ ይሸጣል። በ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 ካሣው ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ገቢ አሥር እጥፍ ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን ገቢ ወስዶ 15 እጥፍ አደረገው። ይህን ያላወቀ በርካሽ ይሸጣል። የገዛውም ሰው የጨረቃ ቤት ይሠራል፤ ካርታ የለው፥ መንገድ የለው፥ ቦይ የለው!

ስለሆነም ለውሳኔ ያቀረብነው ይኸው ነው። ሽንት ቤት ከምንጭ በላይ እንዳይቆፈር፤ ከጎኑም ቢሆን ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ። አጥሩ ቦይ ውስጥ የገባ ሰው፥ የኮሚቴ አባልም ቢሆን፥ ከክረምት በፊት ወደ ኋላ ይመልስ። ይህ ያጣላናል፤ እናውቃለን። ቢሆንም ሐምሌ ላይ በውሃ መሐል ቆመን ከምንጣላ ዛሬ በደረቁ ብንጣላ ይሻላል።

ቦዩን የምንጠርገው በግንቦት የመጨረሻ ቅዳሜ ከጧቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ነው። ዶማና አካፋ ያለው ይዞ ይምጣ፤ የሌለው ከጎረቤት ይዋስ።