ቀፎው ይለወጣል፣ ቁጥሩ ይኖራል፦ የስልክ ቁጥር እንደ ስም፣ እንደ አድራሻና እንደ መብት

(ለሕዝብ ክፍት በሆነ መድረክ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



የዛሬው ርዕሴ ለእንዲህ ያለ መድረክ እጅግ ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል። የስልክ ቀፎ ስንለውጥ የቀድሞ ቁጥራችንንና ሲም ካርዳችንን ይዘን ስለመቆየት ነው የምናገረው። እዚሁ መካኒሳ አቦ አካባቢ በሚገኙት የስልክ መሸጫና መጠገኛ ሱቆች ይህ ሥራ በየዕለቱ ይከናወናል። ባለሱቁ የአሮጌውን ቀፎ የሲም ማስቀመጫ በቀጭን መርፌ ገፍቶ ያወጣል፤ ካርዱን ወደ አዲሱ ቀፎ ያዛውራል፤ ደንበኛውም አንድ ዘመዱ ጋ ደውሎ መሥራቱን ያረጋግጣል። ነገሩ በሁለት ደቂቃ ያልቃል። ይህ ቅለት ግን አንድ ትልቅ ጉዳይ ይሸፍንብናል። ቁጥራችን የሚኖረው በቀፎው ውስጥ አይደለም፤ በሲም ካርዱ ውስጥም አይደለም፤ የሚኖረው በመዝገብ ላይ ነው። ስለዚህ ቁጥርን ጠብቆ ማቆየት ማለት፣ በመሠረቱ፣ በዚያ መዝገብ ላይ የገዛ ስማችን መስፈሩን ማረጋገጥ ማለት ነው። የንግግሬ ጭብጥ ይኸው ነው።

በቅድሚያ ሦስት ነገሮችን እንለይ፦ ቀፎን፣ ካርድንና ቁጥርን።

ቀፎ የራሱ መለያ አለው። *#06# ብለን ስንነካ በመስኮቱ ላይ የሚወጣው ባለ 15 አኃዝ ቁጥር የዕቃው መለያ ነው፤ ባለቤቱ ማን እንደሆነ አይናገርም። ሲም ካርድም እንዲሁ የራሱ መለያ አለው። እስከ 15 አኃዝ የሚደርሰው ይህ መለያ ለአገራችን ካርዶች በ636 ይጀምራል፤ 636 በዓለም አቀፉ ሥርዓት ለኢትዮጵያ የተሰጠ ነው። ከዚህ በተጨማሪ በካርዱ ውስጥ አንድ የምስጢር ቁልፍ ተቀምጧል። ስልካችንን ስንከፍት ኔትወርኩ የዘፈቀደ ቁጥር ይልካል፤ ካርዱ በምስጢር ቁልፉ አስልቶ መልስ ይመልሳል፤ መልሱ ኔትወርኩ ራሱ ካሰላው ጋር ከተስማማ በሩ ይከፈታል። ቁልፉ ራሱ ከካርዱ ወጥቶ በአየር ላይ አይተላለፍም።

ሦስተኛው፣ ሰዎች እኛን የሚጠሩበት ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር በካርዱ ላይ ተጽፎ ቢገኝ እንኳ ከማስታወሻነት አያልፍም። «ይህ ቁጥር የዚህ ካርድ ነው» የሚለው ውሳኔ ያለው በአገልግሎት ሰጪው ማዕከላዊ መዝገብ ላይ ነው። ካርድ ሲጠፋ አዲስ ካርድ በአሮጌ ቁጥር ማውጣት የሚቻለውም በዚህ ምክንያት ነው። በመዝገቡ ላይ ቁጥሩ ከጠፋው ካርድ ተፈትቶ ከአዲሱ ጋር ይታሰራል፤ አሮጌው ካርድ የትም ይሁን የት ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ባዶ ላስቲክ ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ ጥቂት እንመለስ። በአገራችን የሞባይል አገልግሎት በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተጀመረ። በመስከረም 1998 ዓ.ም. ብሔራዊው የስልክ ቁጥር አሰጣጥ ተለወጠ። ስድስት አኃዝ የነበረው የአዲስ አበባ መደበኛ ስልክ ሰባት አኃዝ ሆነ፤ በ09 ይጀምሩ የነበሩት የሞባይል ቁጥሮችም በ0911 ሥር ገቡ። ዛሬ አንድ ሰው ቁጥሩን «ዜሮ ዘጠኝ አሥራ አንድ» ብሎ ሲጀምር አድማጩ ቶሎ ብሎ የቆየ ደንበኛ ነው ብሎ የሚገምተው ከዚህ ተነሥቶ ነው። ቁጥር የዕድሜና የማዕረግ ምልክት እስከመሆን ደርሷል።

ከዚህ ለውጥ የምንማረው አለ። የአንድ ከተማ ቁጥር ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲለወጥ ሰው ከሰው አልተጠፋፋም፤ ለውጡ አንድ ወጥ ሕግ ስለነበረውና አሮጌውን ቁጥር የያዘ ሁሉ አዲሱን ራሱ ሊያገኘው ይችል ስለነበር ነው። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በኢትዮ ቴሌኮም ሲተካ የደንበኞች ቁጥር ባለበት ቀጠለ። ተቋሙ ስሙን ለወጠ፤ መዝገቡ ግን ተሻገረ። ቁጥር ከቀፎም ከካርድም ከተቋም ስምም ይልቅ ዕድሜ እንዳለው ይህ ያሳያል።

ለመሆኑ ቁጥር ይህን ያህል ክብደት ያገኘው ለምንድን ነው? የመጀመሪያው ምክንያት አድራሻ ነው። በከተማችን የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ተከትሎ እንግዳ ከደጃፍ የሚደርስበት ልማድ አልጸናም። «መካኒሳ አቦ ስትደርስ ደውልልኝ» እንባባላለን። የእድር መዝገብ ላይ፣ የሰርግ መጥሪያ ላይ፣ የሱቅ በር ላይ፣ የጭነት መኪና ጎን ላይ የሚጻፈው የስልክ ቁጥር ነው። ቁጥሩ የጠፋበት ሰው ቤቱ ባይፈርስም አድራሻው ፈርሷል ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህ የስልክ ቁጥር የሒሳብ ቁጥር ሆኗል። ባንኮችም የማረጋገጫ ኮዳቸውን የሚልኩት ወደዚሁ ቁጥር ነው። ሦስተኛው ማንነት ነው። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት የተዘረጋው የዲጂታል መታወቂያ፣ ሁላችንም ፋይዳ የምንለው፣ ለማረጋገጫ መልእክት በስልክ ቁጥር ይጠቀማል። እንግዲህ አንዲት ባለ አሥር አኃዝ ቁጥር አድራሻንም ቦርሳንም መታወቂያንም በአንድነት ተሸክማለች።

ሸክሙ በዚህ መጠን ከከበደ «ማን ሊያጣው ይችላል?» ብሎ መጠየቅ ግድ ይላል። የእኔ መልስ፣ ቁጥሩ በሌላ ሰው ስም የተመዘገበበት ሰው ነው የሚል ነው። ልጃቸው በገዛ መታወቂያው ካርድ አውጥቶ የሰጣቸው እናት አሉ። አሠሪዋ በስሟ አውጥታ የሰጠቻት የቤት ሠራተኛ አለች። ከክፍለ ሀገር መጥቶ መታወቂያ እስኪያወጣ በጓደኛው ስም የተመዘገበ ተማሪ አለ። ዘመዱ ወደ ዓረብ አገር ሲሄድ ትቶለት የሄደውን ካርድ ዓመታት የተጠቀመበት ወጣትም አለ። እነዚህ ሰዎች ቀፎ ሲለውጡ ምንም አይገጥማቸውም፤ ካርዱ ከቀፎ ወደ ቀፎ ይሄዳል፤ መዝገቡን የሚጠይቅ የለም። ካርዱ የጠፋ ወይም የተበላሸ ዕለት ግን መዝገቡ ይናገራል፤ የሚጠራውም የሌላ ሰው ስም ነው። ለአሥር ዓመት «የኔ ቁጥር» ያሉት ቁጥር፣ ከነሒሳቡ፣ የእነርሱ አለመሆኑን በመስኮቱ ፊት ቆመው ይረዳሉ።

በመስኮቱ ውስጥ ያለው ሠራተኛ መታወቂያ መጠየቁ ጥፋት አይደለም። በሌላ ሰው ስም ምትክ ካርድ አውጥቶ ሒሳብ መመዝበር በዓለም ዙሪያ የታወቀ የማጭበርበር መንገድ ነው፤ ሌባውም የሚገባው ባለቤቱ በሚገባበት በዚያው በር ነው። በሩ ሲላላ ሌባው ይገባል፤ ሲጠብቅ መዝገቡ የማያውቀው እውነተኛ ተጠቃሚ ውጭ ይቀራል። ይህን ውጥረት የመስኮቱ ሠራተኛ በትሕትናው ሊፈታው አይችልም። የሚፈታው አስቀድሞ፣ ካርዱ በእጅ ሳለና የተመዘገበበት ሰው በሕይወትና በአገር ውስጥ ሳለ፣ ስሙን በማስተካከል ብቻ ነው።

ጉዳዩ ሌላም ገጽ አለው፤ እርሱም ቁጥርን ይዞ ከአንድ አገልግሎት ሰጪ ወደ ሌላ መሻገር ነው። ሲንጋፖር ይህን በ1997 እ.ኤ.አ. ጀመረች፤ ኬንያና ጋና በ2011፣ ናይጄሪያ በ2013 እ.ኤ.አ. ተከተሉ። በእኛ አገር የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ተቋቋመ፤ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ ሳፋሪኮም በ07 የሚጀምሩ ቁጥሮችን ይዞ አዲስ አበባ ላይ በይፋ ሥራ ጀመረ። ሕዝባችን ለሁለቱ ድርጅቶች የሰጠው መልስ ሁለት ካርድ የሚይዝ ቀፎ መግዛት ነው፦ 09ኙን ለዘመድና ለሒሳብ፣ 07ቱን ለኢንተርኔት። ብልኅ መላ ነው፤ ቢሆንም የነጻ ምርጫ ምልክት አድርገን ልንወስደው አይገባም። ሰው አሮጌውን ቁጥር መተው ስላልቻለ ሁለት ይሸከማል።

እዚህ ላይ የኬንያ ተሞክሮ ትምህርት ይሰጠናል። ቁጥርን ይዞ መሻገር በተፈቀደበት ጊዜ ኤም-ፔሳ የአንድ ኩባንያ አገልግሎት ነበር፤ ስለዚህ ቁጥሩን ይዞ የሄደ ሰው ቦርሳውን ትቶ ይሄድ ነበር። ቁጥር አድራሻ ብቻ በነበረበት ዘመን የተነደፈ መብት፣ ቁጥር ቦርሳ በሆነበት ዘመን ግማሽ መብት ይሆናል። በእኛም አገር ስለ ቁጥር መሻገር ስንነጋገር ከቁጥሩ ጋር የታሰረው ሒሳብስ ምን ይሆናል ብለን አብረን መጠየቅ ይኖርብናል።

ከንድፈ ሐሳቡ ወደ እጃችን ሥራ ልውረድ። ቀፎ ከመለወጣችሁ በፊት የምታስቀምጧቸው ስሞች በካርዱ ላይ ናቸው ወይስ በቀፎው ላይ ብላችሁ እዩ፤ በቀፎው ላይ ያሉት ከካርዱ ጋር አይሄዱም። ካርዱ ለአዲሱ ቀፎ ከተለቀ በመቀስ ከማስቆረጥ በልኩ የተዘጋጀ ምትክ ካርድ ጠይቁ። የሲም ካርዱን የምስጢር ቁጥር ሦስት ጊዜ ከሳታችሁ በግምት አትቀጥሉ፤ የመክፈቻውን ኮድ ከአገልግሎት ሰጪው ጠይቁ፤ እርሱም አሥር ጊዜ ከተሳተ ካርዱ ለዘለቄታው ይዘጋል። ቴሌግራምን የመሳሰሉ አገልግሎቶች ከቁጥር ጋር የታሰሩ ስለሆኑ ሁለተኛ የይለፍ ቃል አድርጉላቸው። አሮጌውን ቀፎ ስትሸጡ ውስጡን አጥፍታችሁ ሽጡ። ወደ ውጭ አገር የምትሄዱ ደግሞ ቁጥራችሁን ጨርሶ አትርሱት፤ ለረጅም ጊዜ ሥራ ላይ ያልዋለ ቁጥር ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ የእናንተ የማረጋገጫ ኮድ የሚደርሰው ለማታውቁት ሰው ነው።

በቀፎው ውስጥ አብሮ የተሠራው ኢ-ሲም እየተስፋፋ ሲሄድ በእጅ የምንነቅለው ካርድ እንኳ አይኖርም። መርፌውም ባለሱቁም ከመካከል ይወጣሉ፤ ቀፎ በለወጥን ቁጥር የምንመለሰው በቀጥታ ወደ መዝገቡ ይሆናል። ዛሬ ካርድ ሲጠፋ ብቻ የሚነሣው «ይህ ቁጥር የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ያን ጊዜ በየቀፎ ለውጡ ይነሣል።

ተማሪዎቼ፣ በሕግ፣ በኢኮኖሚክስ፣ በኮምፒውተር ሳይንስም ሆነ በሶሺዮሎጂ ለምታጠኑት ሁሉ እዚህ ውስጥ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሆን ርዕስ ሞልቷል። ከጥናቱ በፊት ግን አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። በዚህ ሳምንት የእናታችሁ፣ የአባታችሁ፣ አብራችሁ የምትኖረው ሠራተኛ ቁጥር በማን ስም እንደተመዘገበ ጠይቁ። በራሳቸው ስም ካልሆነ አብራችኋቸው ሂዱና አስተካክሉ። አዲስ ቀፎ ከመግዛት ይልቅ ይህ ለእነርሱ የሚበልጥ ስጦታ ነው።