በሁለት ደጆች መካከል፤ የክርስቲያን አማካሪ ማስተማር፥ ማማከርና ምርምር
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የተሰማ ንግግር)



የልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያንና የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በአንድ ክፍለ ከተማ፥ በአዲስ አበባ ልደታ፥ ይገኛሉ። አእምሮው የታወከ ሰው ያለበት ቤተሰብ ከሁለቱ አንዱን ብቻ መርጦ አይሄድም። ጧት ደጀ ሰላሙን ተሳልሞ፥ ረፋድ ላይ ካርድ ያወጣል። እንግዲህ የክርስቲያን አማካሪ ሙያ የሚፈተነው በእነዚህ ሁለት ደጆች መካከል በሚመላለሰው ሰው ላይ ነው።

ምክር ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ነገር አይደለም። የንስሐ አባት የቤተሰቡን ኑሮ ያውቃል፤ ሽማግሌ የተጣሉትን ባልና ሚስት ያስታርቃል፤ ዕድርተኛም ኀዘንተኛውን ብቻውን አይተወውም። አማካሪው የእነዚህን ሥፍራ ሊወርስ አይገባውም። ቀኖና መስጠትና ከኃጢአት መፍታት የካህን ሥልጣን ነው። የአማካሪው ድርሻ በትዕግሥት ማዳመጥ፥ ኀዘንን ከበሽታ መለየት፥ ሐኪም የሚያስፈልገውንም ሳይዘገይ ወደ ሐኪም መላክ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የጸበልና የመድኃኒት ነገር ነው። አማካሪው ሕመምተኛውን «ጸበሉን ተው» ቢለው፥ ሰውየው የሚተወው አማካሪውን ነው። «ኪኒኑን ተው» ቢለው ደግሞ ሕመሙ ሊያገረሽበት ይችላል። ሁለቱም ምክሮች ሰውን ይጎዳሉ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ2007 እ.ኤ.አ. የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉን ከመድኃኒቱ ጋር እንዲወስዱ ሲመክሩ፥ ብዙዎች ተቃራኒ ያደረጓቸው ሁለት ነገሮች ተስማምተው ሊሄዱ እንደሚችሉ ከከፍተኛው መንበር ተነገረ። ይህ ለአእምሮ ሕሙማን አማካሪም መልካም መመሪያ ይሆናል።

ወደ ምርምሩ ስንሻገር፥ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው አንድ መጠይቅ አለ። «አዎን» ወይም «አይደለም» ተብለው የሚመለሱ 20 ጥያቄዎች ሲኖሩት፥ የመጀመሪያው ስለ ራስ ምታት ይጠይቃል። በኢትዮጵያ ይህን መጠይቅ የመረመሩት ሆላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ፍራንክ ኮርትማን ከባልደረባቸው ጋር በ1988 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ ሁለት ጉዳዮችን አንሥተዋል። አንደኛው ተጠያቂው ጥያቄውን እንዴት እንደ ተረዳው ነው፤ ሁለተኛው ለምን ብሎ እንደዚያ እንደ መለሰ ነው። ቃል በትክክል ቢተረጐምም ትርጉሙ አብሮ ላይሻገር ይችላል ማለት ነው። «አንጀቴ አረረ» ያለውን ሰው «ሆድዎን ያምዎታልን?» ብሎ መዝገብ መሙላት ይቻላል፤ ሰውየው ግን አልተሰማም።

ዶክተር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው በ1999 እ.ኤ.አ. ያወጡት የቡታጅራ ጥናትም ይህንኑ ያጠናክራል። አካባቢውን በሚገባ የሚያውቁ 100 ሰዎች ተጠይቀው፥ ለሥጋ ሕመም ዘመናዊ ሕክምናን፥ ለአእምሮ ሕመም ግን ይበልጡን ባህላዊውን መንገድ እንደሚመርጡ አስረድተዋል። ታዲያ አማካሪው ሕመምተኛው ቀድሞ የት እንደ ሄደ፥ ሕመሙንም በምን ስም እንደሚጠራው ሳይጠይቅ ምክር ቢጀምር፥ ከመንገዱ መካከል እንደ ተነሣ ይቈጠራል።

ማስተማር ደግሞ ያለፉትን ሁለቱን የሚያጸና ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በካናዳው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ረዳትነት የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ሐኪሙ ይህን ሙያ ለመማር ባሕር ማዶ መሻገር ነበረበት። በሌላ ቋንቋ የተማረ ሰው የአገሩን ሕመምተኛ የሚያስተረጕም ያህል እንዳይሆን፥ ትምህርቱ ከሕመምተኛው አንደበት መነሣት አለበት። የክርስቲያን አማካሪዎች መምህርም ተማሪውን መጽሐፍ ካስያዘው በኋላ፥ ከጸበል ቦታም ከሐኪም ቤትም ወስዶ ዝም ብሎ ማዳመጥን ሊያስለምደው ይገባል።

ሦስቱ ተግባራት እንግዲህ በአንድ ሥር ይቆማሉ። መምህሩ የሚያስተምረው፥ አማካሪው የሚሠራበት፥ ተመራማሪውም የሚፈትነው ያንኑ ማዳመጥን ነው። ከልደታ ደጃፍ ተነሥቶ ወደ ሆስፒታሉ የሚያዘግመው ሕመምተኛ በሁለቱ ደጆች መካከል የሚያደምጠው ሰው ካገኘ፥ እምነቱንም መድኃኒቱንም ሳይጥል ወደ ቤቱ ይመለሳል።