የፍላጻ ድንጋይ አመራረጥ በሺንፋ ወንዝ ዳር



ከጎንደር ተነሥቶ በመተማ በኩል ድንበሩን ተሻግሮ እስከ ገዳሪፍ የዘለቀ መንገደኛ አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ደጋው ድንጋይ የሞላበት ሲሆን፣ ቆላው ግን እየሰፋ በሄደ ቁጥር ድንጋይ ያጣል። የገዳሪፍ ሜዳ በበጋ የሚሰነጠቅ፣ በክረምት እግር የሚይዝ ጥቁር የዋልካ አፈር ነው። ለማሽላና ለሰሊጥ እጅግ የተመቸ ነው፤ ነገር ግን ወፍ የሚጠብቅ ልጅ ለወንጭፉ የሚሆን ጠጠር የሚቸገርበት ምድር ነው። በእንዲህ ያለ አገር ድንጋይ የፈለገ ሰው ወይ ወደ ኮረብታ ይወጣል፣ ወይ ወደ ወንዝ ይወርዳል።

የመተማ ስም በታሪክ ትምህርት የሚነሣው አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ስለ ወደቁበት ጦርነት ነው፤ ይህም የሚገባ ነው። ሆኖም ከዚያ ጦርነት 74,000 ዓመት ያህል አስቀድሞ በዚያው ቆላ፣ በሺንፋ ወንዝ ዳር፣ ሰዎች ሰፍረው ነበር። ይህ ወንዝ ድንበሩን ከተሻገረ በኋላ ራሃድ ተብሎ የገዳሪፍን ምድር እያቋረጠ ከዓባይ ጋር የሚገናኘው ነው። የሰፈሩ ነገር በጆን ካፕልማን መሪነት በተደረገው ምርመራ ታውቆ፣ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ታትሞ ወጣ። ዘመኑ የታወቀው በሱማትራ ደሴት የሚገኘው የቶባ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ በነፋስ ተጉዞ በሰፈሩ አፈር ውስጥ ከቀረው፣ በዓይን ከማይታይ የመስታወት ብናኝ ነው። ከተገኙት መሣሪያዎች መካከል ትናንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን ሹል ድንጋዮች ይገኙባቸዋል፤ ተመራማሪዎቹም የፍላጻ ጫፍ ሳይሆኑ አይቀሩም ብለዋል። ይህ ፍርድ ከጸና፣ ሺንፋ በዓለም ላይ የቀስት ምልክት ከተገኘባቸው እጅግ ጥንታዊ ስፍራዎች አንዱ ነው።

ይህ ዜና በክፍል ውስጥ ሲነገር ተማሪው ብዙ ጊዜ የሚታየው ያለቀው ሹል ብቻ ነው፤ የሚያደንቀውም የጠራቢውን እጅ ነው። ከእጁ በፊት ግን ፍርድ አለ። ክፉ ድንጋይ ያነሣ ሰው እጁ የቱንም ያህል የሠለጠነ ቢሆን ፍላጻ አያወጣም፤ ጥሩ ድንጋይ የመረጠ ጀማሪ ግን ቢያንስ ስለት ያገኛል።

ታዲያ ጥሩ ድንጋይ የሚባለው ምን ዓይነት ነው? ለዚህ ሥራ የሚሆነው ሲመቱት እንደ ጠርሙስ የሚሰበረው ነው። የስብራቱ ፊት እንደ ዛጎል ውስጠኛ ገጽ ጎድጎድ ያለ፣ ለስላሳና ጠርዙ ስለታም ይሆናል። አሸዋ ድንጋይ ይፈረፈራል። ተራው ጥቁር ድንጋይ ለወፍጮ ይበጃል፤ ለትንሽ ፍላጻ ግን ብዙውን ጊዜ ሻካራ ነው። ኳርትዝ ጠንካራ ቢሆንም በውስጡ በተሰወረ ስንጥቅ እየተመራ ወዳልታሰበበት ይፈነጠቃል። የአማርኛው ባልጩት የሚለው ስም ለዚህ ሥራ ለሚሆኑ ለብዙ ዓይነት ድንጋዮች ይሰጣል፤ ከሁሉም የተሳለው ከእሳተ ገሞራ የሚወጣው ጥቁሩ መስታወት ነው። በመልካ ቁንጡሬ አጠገብ በባልጪት፣ እንዲሁም ከዝዋይ ሐይቅ በስተ ምዕራብ በጋደሞታ የጥንቱ ሰዎች በእርሱ ሠርተዋል። የጋደሞታው ሹል ድንጋይ ከ279,000 ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳለው ተጽፏል።

በምዕራቡ ቆላ ግን ምርጫው ሌላ ነው። ከደጋው የሚወርዱ ወንዞች ቀልጦ የረጋውን የጥንት ድንጋይ እየሸረሸሩ፣ በቀዳዳዎቹ ውስጥ የበቀለውን ጥቃቅን ድንጋይ ይዘው ይወርዳሉ። ይህም አጌት፣ ኬልቄዶንና ቸርት የሚባለው ነው። (ኬልቄዶን በዮሐንስ ራእይ ከቅድስቲቱ ከተማ መሠረቶች ሦስተኛው ሆኖ የተቈጠረው ነው፤ እረኛ ግን ስሙን ሳያውቅ ሊረግጠው ይችላል።) ወንዙ ራሱ መራጭ ነው። ስንጥቅ ያለበትን በመንገድ ላይ እያጋጨ ይሰብረዋል፤ እስከ ቆላው የደረሰው ድንጋይ ብዙ ፈተና ያለፈ ነው። ቢሆንም ፈተናው ፍጹም ስላልሆነ ሰው ደግሞ መመርመር አለበት።

ምርመራውም የታወቀ ነው። ከገበያ ምጣድ የምትገዛ ሴት በጣቷ አንኳኩታ ድምፁን እንደምታዳምጥ፣ ጠራቢም ድንጋዩን በሌላ ድንጋይ ቀስ አድርጎ ይመታዋል። ጥርት ብሎ ከጮኸ ውስጡ ጤነኛ ነው፤ ድምፁ ከታፈነ ስንጥቅ አለበት። ቀጥሎ ከጫፉ ጥቂት ሸርፎ ውስጡን ያያል፤ የወንዝ ድንጋይ ውጫዊ ቅርፊት ያታልላልና። በመጨረሻ ቅርጹን ይመለከታል። ፍጹም ድቡልቡል የሆነ ድንጋይ መምቻ የሚያርፍበት ጠርዝ የለውም፤ ጠፍጠፍ ያለ ወይም አንድ ወገኑ የተሰበረ ይሻላል። ማዕዘኑ ከ90 ዲግሪ ያነሰ ጠርዝ ካልተገኘ ስንጣሪው አይላቀቅም። የድንጋዩ ትንሽነትም ሁልጊዜ ጉድለት አይደለም፤ ለጦር የማይበቃው ለፍላጻ ይበቃል።

ስለ ጊዜውም ሊታሰብ የሚገባው ነገር አለ። በሺንፋ ብዙ የዓሣ አጥንት ተገኝቷል፤ ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት ረጅሙ በጋ ወንዙን ወደ ትናንሽ ኩሬዎች ሲለውጠው ዓሣው በቀላሉ ይያዝ ነበር። ወንዙ የሚጎድልበት ወራት ደግሞ ጠጠሩ የሚገለጥበት ወራት ነው። በክረምት ድንጋዩ በጎርፍና በጭቃ ሥር ይሆናል። እንግዲህ በዚያ ቆላ ምግቡና መሣሪያው በአንድ ወቅት፣ በአንድ ስፍራ ይገኙ ነበር ቢባል ከእውነት የራቀ አይመስልም። ደረቁ ወራት የችግር ወራት ብቻ አልነበረም።

ይህን ዕውቀት ከሙታን ብቻ መፈለግ ስሕተት ነው። በኮንሶ ቆዳ የሚፍቁ ሴቶች የድንጋይ መፋቂያ በእጃቸው ሲጠርቡ ኖረዋል። ጥሩ ድንጋይ ፍለጋ ከመንደራቸው ርቀው እንደሚጓዙ፣ ሙያውም ለብዙ ዓመታት የሚለመድ እንደ ሆነ ካትሪን ዊድማን አርተር የተባሉት ተመራማሪ ጽፈዋል። ፋቂ እየተባለ የተናቀ ሙያ በዓለም የሳይንስ መጻሕፍት በአክብሮት ሲጠቀስ፣ በአገሩ ተማሪ ዘንድ እንደ ነውር መቈጠሩ የሚያሳዝን ነው።

የቆላው ሰሊጥ እርሻ በሰፋ ቁጥር በወንዞቹ ዳር ያለው መሬት በትራክተር ይገለበጣል፤ በመሬቱ ላይ ያለው የጥንት ስንጣሪም አብሮ ይገለበጣል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማስታወቅ ይገባዋል። የተጠረበ ድንጋይ ግን ቅርስ መሆኑን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። በዚያ አገር የሚያስተምር መምህር ተማሪ ሹል ድንጋይ ይዞለት ሲመጣ ለማሳያ ሣጥን ከመቀበሉ በፊት፣ ልጁ ያነሣበትን ስፍራ ሄዶ ይመልከት። በዙሪያው በአንድ ወገን ብቻ የተሸረፉ፣ ለሙከራ ተመትተው የተጣሉ ድንጋዮች ይኖሩ እንደ ሆነ ያስተውል፤ አያንሣቸውም። ጥንት የነበረው ሰው አይቶ ያልወደዳቸው ድንጋዮች እነርሱ ናቸው።