ስለ ተወደዱ ሸክላዎችና ከልክ በላይ ስለ ተመሰገኑት



በጎንደር ከተማ ፒያሳ፣ ከፖስታ ቤቱ አጠገብ ባሉት ቡና ቤቶች፣ መሥሪያ ቤቶች ከተዘጉ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ወንበር ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። እርስዎም ለሥራ ተልከው በጎንደር አድረው እንደ ሆነ ይህን ሳይመለከቱ አልቀሩም። ከፊሉ ስለ ደረጃ ዕድገት፣ ከፊሉ ስለ ቤት ኪራይ ይነጋገራል። እኔና አራት ባልንጀሮቼ ግን በየሳምንቱ ዓርብ ማታ የምንሰበሰበው ስለ ሙዚቃ አልበም ለመከራከር ነው። የክርክራችንም ሕግ አጭር ነው፤ ሁሉም በተራው ከሁሉ አብልጦ የሚወደውን አንድ አልበም ይጠራል፤ ቀጥሎም ከሚገባው በላይ ተመስግኗል የሚለውን አንድ አልበም ይጠራል። በመጀመሪያው ጥያቄ እንደምንም እንስማማለን፤ በሁለተኛው ግን እስከ መኮራረፍ እንደርሳለን። ዛሬ የምነግርዎ በዚሁ በሁለተኛው ጥያቄ ምክንያት የደረሰብኝን ነው።

እንዲህ ያለው ክርክር በእኛ የተጀመረ እንዳይመስልዎ። የሮክ ሙዚቃ በተወለደበት አገር ሰዎች በዚህ ነገር ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ። ቢትልስ የተባሉት አራቱ የሊቨርፑል ልጆች በ1967 ያወጡት ሳርጀንት ፔፐር የተባለው አልበም፣ ሮሊንግ ስቶን የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በ2003 የአምስት መቶ አልበሞችን ደረጃ ባወጣ ጊዜ አንደኛ ሆኖ ነበር። ያው መጽሔት በ2020 እንደ ገና ሲያስፈርድ አንደኛነቱን ማርቪን ጌይ በ1971 ላወጣው ዋትስ ጎይንግ ኦን ሰጥቶ፣ ሳርጀንት ፔፐርን ወደ 24ኛ ደረጃ አወረደው። ሸክላው ግን ያው የጥንቱ ሸክላ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መጥራቴን ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ በሸክላዎቹ ላይ የሚታተመው እንደዚያ ስለ ሆነ ነው።)

ከመካከላችን በዕድሜ የሚያንሰው የሒሳብ ሠራተኛ የሮክ ሙዚቃ ወዳጅ ነው። የእሱ ምርጫ ጃኖ የተባለው ባንድ በ2012 ያወጣው ኤርታሌ ነው። ጃኖ እርስዎ እንደሚያውቁት ሰፊ ቀይ ጥለት ያለው የክብር ልብስ ነው፤ ስለዚህ ስሙ የአያት፣ ጊታሩ የልጅ ልጅ ነው ማለት ይቻላል። አልበሙን ያዘጋጀው ቢል ላስዌል የተባለው አሜሪካዊ ሲሆን፣ ቀደም ሲል በ2001 የእጅጋየሁ ሽባባውን ጂጂ የተሰኘ አልበም ያዘጋጀውም እሱ ነበር። እኔ ኤርታሌን ከልክ በላይ ተመስግኗል ከሚሉት ወገን ነበርሁ። ዜማው ሊተነፍስ ሲል ከበሮው ይደርብበታል፤ ድምፃውያኑም አዳራሽ የሚሞላ ጉሮሮ ይዘው ከጊታሩ ጋር ሲታገሉ ይሰማሉ ብዬ ተከራከርሁ። ልጁም፣ «ወንድሜ፣ አንተ እኮ የምትሰማው በስልክህ ድምፅ ማጉያ ነው፤ ሮክ በዚያች ቀዳዳ አይወጣም» አለኝ። ሳቅሁበት፤ ነገር ግን ቃሉ በሆዴ ቀረ።

ሁለተኛው ባልንጀራችን መምህር ነው። እሱ ከማሕሙድ አሕመድ ኤረ መላ መላ በቀር ሌላ አልበም አይጠራም። በእርግጥ ይህ ሥራ በ1970ዎቹ አጋማሽ ለካይፋ ሙዚቃ ቤት ተቀርጾ፣ በ1986 ክራምድ ዲስክ የተባለው የቤልጅግ ኩባንያ በአውሮፓ ካሳተመው ወዲህ የአገራችንን ሙዚቃ ለውጭ ሰው በር ከከፈቱት አንዱ ነው። ነገር ግን በዚህ ላይ አንድ ጥያቄ አነሣሁ። በዚያ ዘመን በአገራችን ገበያ ላይ በብዛት የነበረው በአንድ ገጹ አንድ ዘፈን ብቻ የሚይዘው ትንሹ ሸክላ ነበር። አቶ አምሐ እሸቴ ሸክላ ማሳተም ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተፈቀደ መሆኑን እያወቁ በ1969 በድፍረት ሥራ ሲጀምሩ፣ መጀመሪያ ያወጡት የአለማየሁ እሸቴን፣ የዚያን የኤልቪስ ፕሪስሊን አኳኋን ወደ አማርኛ ያመጣውን ድምፃዊ፣ ትንሽ ሸክላ ነበር። በ1975 ወደ አሜሪካ እስኪሄዱ ድረስ ያሳተሟቸው ትንንሽ ሸክላዎች ከመቶ ሲበልጡ ትልልቆቹ ግን ጥቂት ነበሩ። ስለዚህ ዛሬ የወርቃማው ዘመን አልበም እያልን የምንኮራበት ብዙው ነገር፣ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ ከ1997 ጀምሮ ኢትዮፒክስ በሚል ስም ትንንሾቹን ሸክላዎች እየለቀመ በየመልካቸው የደረደረው ነው። አልበሙን የደረደረው የፈረንሳዊው ጆሮ ከሆነ እኛ የምንፈርደው በዘፋኙ ላይ ነውን ወይስ በለቃሚው ላይ? መምህሩ ለዚህ መልስ አልሰጠኝም፤ ቡናውን ብቻ አማሰለ።

በዚህ ጉዳይ የሚያሳፍረኝ ሌላ ነገር አለ። ኃይሉ መርጊያ በ1985 በአኮርዲዮንና በኤሌክትሪክ ኪቦርድ የሠራው አንድ ካሴት ነበር። የዋሊያስ ባንድ አባል የነበረው ይህ ሙዚቀኛ ኋላ በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ይኖር ነበር። ካሴቱን አንድ የአሜሪካ ካሴት ሰብሳቢ ከባሕር ዳር ገበያ አግኝቶ በ2013 እንደ ገና ቢያሳትመው፣ ሰውዬው ወደ መድረክ ተመልሶ በየአገሩ ይጋበዝ ጀመር። ባሕር ዳር ከጎንደር በመኪና ሦስት ሰዓት ያህል ነው። እኛም በዚያ በኩል ስንመላለስ ካሴት ሻጮችን በየመንገዱ አልፈናቸዋል። አንዳችንም ቆመን አልጠየቅንም።

ስለ አስቴር አወቀ የሚለው ብዙ የለንም፤ በጎንደር የተወለደች ስለ ሆነች ሁሉም ይወዳታል፤ ክርክሩ በ1989 የወጣው አስቴር ይሻላል ወይስ በ1991 የወጣው ካቡ በሚለው ብቻ ነው። እኔ ከካቡ ጋር ነኝ። የቴዎድሮስ ካሳሁንን የ2017 አልበም ኢትዮጵያን ደግሞ በጎንደር ከተማ ተቀምጦ መተቸት አይቻልም፤ አፄ ቴዎድሮስን የሚያነሣ ዘፈን አለበትና፤ በዚያ ላይ የሚናገር ሰው ቡናውን ሳይጠጣ ቢነሣ ይሻለዋል።

አሁን ወደ ራሴ ነገር ልመለስ።

ከመካከላችን ጡረታ የወጡ አንድ ሽማግሌ አሉ። በልጅነታቸው በበአታ ለማርያም ደጃፍ እያደሩ አቋቋም ስለ ተማሩ መሪጌታ እያልን እንጠራቸዋለን። እሳቸው አልበም ጠርተው አያውቁም። «አንቱስ የቱን ይመርጣሉ?» ብንላቸው፣ «አዝማሪው ሰው ፊት ቆሞ፣ ከሰው አፍ ግጥም እየተቀበለ የሚዘፍነው ከሸክላ ላይ አይገኝ፤ ትናንት ያለውን ዛሬ አይደግመው» ይላሉ። ይህ አነጋገር እውነት አለበት። የማሲንቆ ጨዋታ ግማሹ በተቀባዩ ዘንድ ነው፤ ግጥም የሚሰጥ፣ የሚስቅ፣ የሚነካና የሚነካካ ሰው ከሌለ አዝማሪው ብቻውን የተቀረጸበት ሸክላ እንግዳ ያልመጣበት ሰርግ ይመስላል።

ታዲያ ከጥቂት ወራት በፊት ተራዬ ደርሶ ከሚገባው በላይ ተመስግኗል የምለውን አልበም ስጠየቅ፣ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን የፒያኖ አልበም፣ በ2006 የኢትዮፒክስ 21ኛ ሆኖ የወጣውን፣ ጠራሁ። ፈረንጅ ስላደነቀው የተደነቀ፣ መነኩሲት ስለ መቱት የተከበረ እንጂ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ሲንጠባጠብ ከመስማት የማይለይ ነው ብዬ ተናገርሁ። ንግግሬ ያማረ መስሎኝ ነበር፤ ሁለቱ ባልንጀሮቼም ሳቁ።

መሪጌታ ግን አልሳቁም። «ልጄ፣ በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔውን ሲያሰማ ይበል የሚል ሰው ምሥጢሩ የገባው ነው። ተበላሽቷል የሚልም ካለ የትኛው ቤት ላይ እንደ ተበላሸ ይናገራል። የእማሆይ የትኛው ላይ ተበላሸ?» አሉኝ። ዝም አልሁ። ምክንያቱም፣ አንባቢ ሆይ፣ ከአልበሙ ሦስተኛ ድርሰት አልፌ አልሰማሁም ነበር፤ ያንንም የሰማሁት ደብዳቤ እየጻፍሁ ነው።

እሳቸውም ቀጠሉና የማላውቀውን ነገሩኝ። እማሆይ በ1923 የተወለዱ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ሲሆኑ፣ በስዊስ አገርና በካይሮ ቫዮሊንና ፒያኖ ተምረው፣ ኋላ በግሸን ማርያም መንኩሰዋል። በ1960ዎቹ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ለመማር ወደ ጎንደር መጥተው በዚሁ ከተማ ተቀመጡ። የቆሎ ተማሪዎች ቁራሽ እየለመኑ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ በብርድ ሲያድሩ አይተው አዘኑ። የሚሰጡት ገንዘብ ስላልነበራቸው ድርሰቶቻቸውን በጀርመን አገር አስቀርጸው ከሸክላው የሚገኘውን ለእነዚያ ልጆች እንዲሆን አሰቡ። «ከዚያ ገንዘብ ለኔ ደረሰኝ አልልህም» አሉ መሪጌታ፤ «ያን ጊዜ ግን ደጃፉ ላይ ከሚያድሩት አንዱ ነበርሁ። ብርዱን አውቀዋለሁ። ያቺ ሴት ስለ ምን እንደምትመታ ስለማውቅ ዝናብ ነው ስትለኝ ከፋኝ።»

የዚያን ቀን የቡናውን ሒሳብ ማን እንደ ከፈለ አላስታውስም።

በሚቀጥለው ሳምንት ለሥራ ወደ ደባርቅ ሄድሁ። ከዳባት ወዲያ ጉም መንገዱን ሸፍኖት ስለ ነበረ ደባርቅ የደረስነው መሽቶ ነው። ያረፍሁበት ቤት መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ብርዱም ጋቢ የሚያስደርብ ነው። የጆሮ ማዳመጫዬን ሰክቼ አልበሙን ከመጀመሪያው ጀመርሁ፤ ስለ ቤት አልባ መንገደኛ የሰየሙት ድርሰት ነው። ለካስ እኔ ከበሮ እየጠበቅሁ ኖሯል ያልሰማሁት። የእማሆይ እጅ ጊዜ አይቆጥርም፤ ከበሮና ጸናጽል እንደሌለበት ቁም ዜማ ትንፋሹን ጠብቆ ይሄዳል፤ አንዱን ድምፅ ጎትቶ፣ አጥፎ፣ ጌጡን አክሎ ሌላውን ያነሣል። ግራ እጃቸው አንዳንድ ጊዜ የአውሮፓ ዳንስ ይመታል፤ ቀኝ እጃቸው ግን ከበአታ ደጃፍ አይርቅም። እስከ መጨረሻው ሰማሁት፤ እንደ ገናም መለስሁት።

ነገሩን ከወዲያኛው ጫፍ ወደዚህኛው ጫፍ እንዳልገለብጠው ደግሞ የተሰማኝን ልናገር። በመካከል ያሉት ሁለት ሦስት ድርሰቶች እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉ፤ አንድ ሁለቱም ከያሬድ ዜማ ይልቅ የፈረንጅ ሳሎን ይሸታሉ። እማሆይ በ2023 በኢየሩሳሌም ዐርፈዋል፤ ይህን ብናገር የሚከፋቸው አይመስለኝም።

ዓርብ ማታ ወደ ፒያሳ ተመልሼ ለመሪጌታ ይህንኑ፣ ጉድለቱንም ጭምር፣ በየቦታው እየጠቆምሁ ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፣ «ያ አራተኛው የምትለው ላይ አልተስማማሁም፤ ሌላው ይሁን» አሉ። የሒሳብ ሠራተኛው ደግሞ የጆሮ ማዳመጫዬን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ ኤርታሌን ከፈተና በግድ ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ። ድምፃውያኑ ከጊታሩ ጋር ይታገላሉ ያልሁትን ግማሹን አንሥቻለሁ፤ ግማሹን ግን አሁንም አላነሣሁም።

ለመጪው ዓርብ ከሚገባው በላይ ተመስግኗል የምለውን ሌላ አልበም ይዣለሁ። ስሙን ለጊዜው አልነግርዎም፤ ሁለት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ሰምቼዋለሁ፤ ሦስተኛውን ነገ ማታ እሰማዋለሁ።