ዘግይቶ የሚመጣ የምግብ አለርጂ



መሐንዲስን የሆድ ነገር ምን አገባው ትሉ ይሆናል፤ ነገሩ ብልሽት ፍለጋ ስለሆነ ነው።

አንዳንድ ሕፃን የላም ወተት፣ ሩዝ ወይም አጃ ከቀመሰ ከ1 እስከ 4 ሰዓት ቆይቶ ደጋግሞ ያስመልሰዋል፤ ይገረጣል፤ ይዝላል። ሽፍታ ስለማይታይበት የምግብ መመረዝ ነው ይባላል። በአዋቂዎች ዘንድ መንስዔው ብዙ ጊዜ የባሕር ምግብ ነው።

የቆዳ ምርመራው አብዛኛውን ጊዜ «ነፃ ነው» ይላል፤ የሚለካው ፈጣኑን አለርጂ ነውና። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ዓለም አቀፍ የሕክምና መመሪያ በሕመሙ ታሪክ ላይ ይመካል፦ ምን ተበላ፣ በስንት ሰዓት፣ መቼ አስመለሰ። የብልሽት መዝገባችን እዚህም ይሠራል። ምግቡን መልሶ መሞከር ግን በሐኪም ፊት እንጂ በማጀት አይደለም፤ ከባዱ ሕመም የሰውነትን ፈሳሽ አሟጦ የደም ግፊትን ይጥላል። ብዙ ሕፃናት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይሻላቸዋል፤ እስከዚያ ምግቡ ይታገዳል።