የጎረቤት ድምፅ

 

ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ብዙዎቻችን ቤት ያለ ነው። ወንድማችን ወይም ልጃችን ባሕር ማዶ ይኖራል። ሠርቶ ግብር ይከፍላል፤ ልጆቹን በሰፈሩ ትምህርት ቤት ያስተምራል፤ ዜግነት ግን የለውም። ታዲያ በሚኖርበት ከተማ ድምፅ ይስጥ ወይስ አይስጥ? (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምንጠቅሰው።)

ስዊድን በ1976 ለውጭ ዜጎች ፈቅዳለች፤ ሦስት ዓመት የኖረ ሰው በአካባቢ ምርጫ ይመርጣል፤ በፓርላማ ምርጫ ግን አይመርጥም። በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ታኮማ ፓርክ የምትባል ትንሽ ከተማ ከ1992 ጀምሮ የከተማዋን ከንቲባና ምክር ቤት ዜጋ ያልሆነውም ነዋሪ እንዲመርጥ አድርጋለች። የእኛ ሰዎች የሚበዙባት ዋሽንግተን ዲሲም በ2022 ተመሳሳይ ሕግ አጸደቀች። የኮንግረሱ የታችኛው ምክር ቤት በ2023 ይሻር ብሎ ድምፅ ቢሰጥም፣ በ2024 ምርጫ ተሠርቶበታል።

«ድምፅ የፈለገ ዜጋ ይሁን» የሚሉ አሉ። ነገሩ ቀላል አይደለም። በእኛ ሕግ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን ያጣል። ቢጫ ካርድ ቢያወጣም አገር ቤት መምረጥም መመረጥም አይችልም። ስለዚህ አንዱን ድምፅ ለማግኘት ሌላውን ይሰጣል ማለት ነው። እኛ የስዊድኑ አካሄድ ልክ ነው እንላለን፦ የአገር መሪን ዜጋው ይምረጥ፤ የሰፈሩን ትምህርት ቤት የሚመራውን ግን ልጁን እዚያ የሚያስተምር ሁሉ ይምረጥ። ይህን ለልጃችን ከወደድን ግን፣ አዲስ አበባ ለዓመታት አብሮን ለኖረው የመናዊ ጎረቤታችንስ? እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ዝም እንላለን። ሚዛኑ ግን አንድ ነው።

አንድ ነገር አደራ። በአሜሪካ ዜጋ ያልሆነ ሰው ፕሬዚዳንትና ኮንግረስ በሚመረጥበት ምርጫ ድምፅ ቢሰጥ በ1996ቱ ሕግ ወንጀል ነው፤ እስራትም ከአገር መባረርም ያመጣል። መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ሄዶ የመራጭነት ቅጽ ሲሰጡት፣ ሳያነብ «ዜጋ ነኝ» የሚለው ላይ ምልክት ያደረገ ሰው ግሪን ካርዱን አደጋ ላይ ይጥላል። «አላወቅሁም» ማለቱም ላያድነው ይችላል። ዲሲ ያለውም ቢሆን የሚፈቀድለት የከተማዋ ምርጫ ብቻ ነው። ዛሬ ማታ ስትደውሉላቸው ይህን ንገሯቸው።